ወንጭፍ ያልያዘው ወፍ ጠባቂ

ወላይታ ውስጥ ወፍ የማያይ ሰው የለም። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ፣ ጤፉ ሲደርስ፣ ከየቤቱ አንድ ልጅ ይመለመልና ማማ ላይ ይሰፍራል። ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል፣ ወንጭፉን አሽከርክሮ ይለቃል። ዝንጀሮና ጦጣም በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ዋናው ባላጋራ ግን ወፍ ነው። ይህ ልጅ የትኛዋ ወፍ በስንት ሰዓት እንደምትመጣ፣ የትኛው ዋንዛ ላይ ሆና እንደምትሰልል፣ አንዷ ስታርፍ ስንቷ ተከትላ እንደምትወርድ ጠንቅቆ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ይህን ለማወቅ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቅበት ነበር። ችግሩ የዕውቀቱ ሁሉ መደምደሚያ ድንጋይ መሆኑ ነው።

ስለዚህ በሶዶ ዙሪያ ሰውን የሚያስገርመው ወፍ ማየት አይደለም። ወፍ አይቶ ድንጋይ አለማንሳት ነው።

እስቲ በመጋቢት አጋማሽ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ባይኖኩላር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሰማይ ሰማይ የሚያይ አንድ መምህር እናስብ። ብቻውን የሚቆየው የመጀመሪያው ባጃጅ እስኪደርስ ነው። ባለባጃጁ ያቆምና ያንጋጥጣል። ባለባጃጁን ያየ ተማሪ ያንጋጥጣል። ከገበያ የምትመለስ እናት ሸክሟን አስተካክላ እሷም ታንጋጥጣለች። ጥቂት ቆይቶ ግማሽ ቀበሌ ሽቅብ ያያል፤ ምን እየታየ እንደሆነ የሚያውቅ ግን አንድም የለም። ዝምታውን የሚሰብሩት ብዙውን ጊዜ ሽማግሌ ናቸው።

«ሳሮ ልጄ። መንገዱ በዚህ በኩል ሊያልፍ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም አባባ። ወፍ እያየሁ ነው።»

«ወፍ? ምን ያደርግልሃል?»

«እንዲሁ ነው። በልግ ሲገባ ወደ ሰሜን የሚሄዱ አሉ፤ እነሱን እቆጥራለሁ።»

«ማነው የሚከፍልህ?»

«ማንም አይከፍለኝም።»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተደግፈው ያስባሉ። «እንግዲያ ካሳም የለውም በለኛ» ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

አይፈረድባቸውም። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። አንገቱ ላይ መሣሪያ አንጠልጥሎ አካባቢውን የሚቃኝ ሰው ወይ ቀያሽ ነው፣ ወይ ባለሀብት ነው፣ ወይ ግብር ሰብሳቢ ነው። ወፍ ቆጣሪ የሚባል የሥራ መደብ በየትኛውም ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አይታወቅም። የግቢ ጥበቃዎች ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይቸገራሉ። ባይኖኩላሩ የሚያየው ዛፉን ነው ወይስ ከዛፉ ኋላ ያለውን የኃላፊውን መስኮት? መምህሩ መሣሪያውን አውልቆ «ይኸው አንተም እየው» ካላለ በስተቀር ጉዳዩ እስከ አለቃ ይደርሳል። ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ ጥበቃው ባይኖኩላሩን መልሶ አይሰጥም፤ ተራራው ላይ ያለችውን የአክስቱን ቤት ፍለጋ ይገባል።

ለመሆኑ በዚያ ሰማይ ላይ ምን አለ? ወላይታ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ትከሻ ላይ ነው የተቀመጠው። በምሥራቅ በኩል የብላቴ ወንዝ ወደ ዓባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ በምዕራብ ኦሞ አለ፤ መሃል ላይ ዳሞታ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ይዞ ቆሟል። ይህ ሸለቆ ደግሞ ለወፎች አውራ ጎዳና ነው። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ትልልቅ ወፎች ያልፋሉ፤ ዓይነታቸው 37 ነው። ሽመላ፣ ንስር፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ ሁሉ አለበት።

እነዚህ ከባባዶች ክንፍ ማርገብገብ አይወዱም። ሦስት ተኩል፣ አራት ኪሎ የምትመዝን ሽመላ ከኢትዮጵያ ፖላንድ ድረስ እያርገበገበች ልሂድ ብትል መንገድ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ትጠብቃለች፤ ከምድር በሚነሳው ሙቅ አየር ላይ ክንፏን ዘርግታ እየዞረች ሽቅብ ትወጣለች፤ ከላይ ስትደርስ ወደ ሰሜን ተንሸራታ ትወርዳለች፤ ከዚያ ሌላ ሙቅ አየር ፈልጋ እንደገና ትወጣለች። በዚህ ዘዴ በቀን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ሙቅ አየር ስለማይነሳ ባሕር ስትፈራ ኖራለች፤ አውሮፓ የምትገባውም በሜዲትራኒያን ላይ አቋርጣ ሳይሆን በግብፅና በሲና ዞራ ነው።

ይህ ለእንቅልፋም ወፍ ተመልካች የምሥራች ነው። ወፍ ማየት ሲባል ጎህ ሳይቀድ መነሳት ይመስላል። ሽመላና ጭልፊት ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ከምድር ለመነሳት አይቸኩሉም፤ ቁርስ በልቶ፣ ቡናውን ሦስተኛ አድርሶ የወጣ ሰው ያገኛቸዋል። ይህን ያህል ለወላይታ ቅዳሜ የተመቸ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ በቀላሉ አይገኝም።

በነገራችን ላይ በመጋቢት ከዚህ ተነስቶ ወደ ግብፅ መብረር የሽመላ ብቻ ልማድ አይደለም። የእግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ድቻም በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ካይሮ ገብቶ ዛማሌክን በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ካፕ አሰናብቶ ተመልሷል። ሶዶ ውስጥ የዚያን ምሽት ሰማይ ያየ ሰው ቢኖር ለወፍ ብሎ አልነበረም።

አንዳንዶቹ ወፎች የመግቢያና የመውጫ በራቸው የተለያየ ነው። የስቴፕ ንስር የሚባለው ቡናማ ንስር ከካዛክስታንና ከሩሲያ ሜዳ ተነስቶ በመኸር ወራት በየመን በኩል ይመጣና የባብ ኤል መንደብን ጠባብ ባሕር ወደ ጅቡቲ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር ላይ በዚያ በር ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ አዳኝ ወፎች መዝግበዋል። በበልግ ግን ብዙዎቹ ንስሮች በመጡበት አይመለሱም፤ ወደ ላይ ወጥተው በስዊዝ በኩል ይዞራሉ። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። ሁለት በር ያለው ቤት ያለው ሰው ለምን በአንዱ እንደሚገባና በሌላው እንደሚወጣ አይጠየቅም።

ትልልቆቹ በቀን ሲጓዙ ትንንሾቹ ሌሊት ይሄዳሉ። በበልግ ሶዶ ተኝታ ሳለ፣ ውሾቿ ብቻ ሲጯጯሁ፣ በጨለማው ላይ አሥር ግራም የማይሞሉ ወፎች ኮከብና የምድርን መግነጢስ ይዘው ያልፋሉ። ከእነዚህ መካከል አረንጓዴ ያለባት ቅጠል ለቃሚ አለች፤ ስታዩአት ለስም እንኳ የማትበቃ የምትመስል ናት። ከሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ በተነሱ የዚህች ወፍ ዘመዶች ላይ ጥቃቅን መመዝገቢያ ታስሮ ሲጠና፣ ምሥራቅ አፍሪካ ለመድረስ 13,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚበሩ ታውቋል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አሥር ግራም ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው።

ለዚህ ጉዞ ስንቁ ስብ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ባሉት ሳምንታት ሌት ተቀን ይበላሉ፤ አንዳንዶቹ ክብደታቸውን እጥፍ ያደርሳሉ። በእጁ እያጎረሰ ሰንጋ የሚያደልብ የወላይታ ገበሬ ይህን ሒሳብ ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። የሚያስቀው ጊዜው ነው፤ ወፎቹ አጥብቀው የሚሰቡት ልክ ዐቢይ ጾም በሚጾምበት ወቅት ነው። ምእመኑ ሽሮ ሲያማርረው ከመስኮቱ ውጭ ባለችው ቁጥቋጦ ውስጥ ትል ያለገደብ ይበላል።

ዝናብ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ያመጣል። ሌሊቱን የበልግ ዶፍ ከወረደ ሲጓዙ የነበሩት ያሉበት ላይ ይወርዳሉ፤ ጠዋት ላይ ትናንት ባዶ የነበረ የባሕር ዛፍ አጥር በእንግዳ ተሞልቶ ይገኛል። ሶዶ ጭቃ በሆነችበት ጠዋት ጫማውን እያየ የሚያማርር ሰው አለ፤ አጥሩን እያየ የሚቦርቅም አለ። ሁለቱ ከተገናኙ አይግባቡም።

እዚህ ላይ የመምህሩን ዘዴ መናገር ያስፈልጋል። ሩቅ አይሄድም። አንድ ጠባብ ስፍራ መርጧል፦ ከብት የሚግጥበት ሜዳ፣ ከጎኑ ያለ የእንሰት ጓሮ፣ አንድ ሾላ፣ ጥቂት ብሳና፣ አንድ የጎርፍ ቦይ። እዚያው ይመላለሳል። ጎረቤቱ «ዛሬም እዚያው?» ሲለው አዎ ይላል። የአንድ ስፍራ ጥቅሙ ይኸው መመላለሱ ነው። መናፈሻ የሄደ ጎብኚ ወፏን ያያታል፤ ትናንት አለመኖሯን ግን አያውቅም። የበልግ ፍልሰት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ትናንት ያልነበረው ዛሬ መኖሩ፣ ዛሬ ያለው ነገ መጥፋቱ ነው።

ስመ ጥር ቦታ ፍለጋ ለሚያምረው ወደ 120 ኪሎ ሜትር ደቡብ ወርዶ አርባ ምንጭ አጠገብ ነጭ ሣር አለለት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የተጨፈለቀች አንዲት የሌሊት በራሪ አገኙ፤ ለጥናት የተረፈችው አንዲት ክንፍ ብቻ ናት። በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ የወፍ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ የነጭ ሣሯ ወፍ በዓለም ዘንድ በአንድ ክንፏ ትታወቃለች። ከዚህ አንጻር መምህሩ ሜዳ ላይ ያሉት ወፎች ሁለት ሁለት ክንፍ ያላቸው መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያ ሜዳ ላይ ዋናዎቹ የበልግ እንግዶች ቢጫ ናቸው። ጅራታቸውን ሽቅብ ቁልቁል እየነጡ በከብቱ እግር መሃል የሚሯሯጡ፣ ሰኮናው የቀሰቀሰውን ትንኝ የሚለቅሙ፣ በአዘቦቱ 17 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ቀጫጭን ወፎች። በጥቅምት ሲመጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ድብዝዝ ያሉ ናቸው። መጋቢት ላይ ግን ከመሄዳቸው በፊት የራስ ላባቸውን ይቀይራሉ፤ የሚለብሱት ቀለም በአብዛኛው የሚሄዱበትን አገር ይናገራል። ራሱ ጥቁር የሆነው ወደ ባልካንና ቱርክ ነው። ግራጫው ወደ ስካንዲኔቪያ። ሰማያዊ ያለበት ግራጫ ራስና ነጭ ቅንድብ ያለው ወደ መካከለኛው አውሮፓ። ራሱም ቢጫ የሆነው ወደ ቮልጋና ካዛክስታን። የሶዶ መናኸሪያ ሚኒባሶች ታፔላ ሰቅለው «ቦዲቲ ቦዲቲ! አረካ አረካ!» እንደሚሉት እነዚህም መዳረሻቸውን ራሳቸው ላይ ሰቅለው ይዞራሉ፤ ልዩነቱ ረዳት የሌላቸው መሆኑ ነው። ሴቶቹ ግን ድብዝዝ እንዳሉ ይቀራሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ለማንም አይናገሩም።

ከላይ ደግሞ በሚያዝያ ንብ በሊታዎቹ ያልፋሉ። ከማየት መስማት ይቀድማል፤ ከደመናው ሥር ፕሩፕ ፕሩፕ የሚል ለስላሳ ድምፅ ይመጣና ወዲያው ሠላሳ አርባ ሆነው፣ ቢጫ ጉሮሮና ቀይ ጀርባ፣ ክንፋቸው ሾል ያለ፣ ወደ ሰሜን ይነጉዳሉ። ቀፎ ያለው ሰው በዚህ ደስ አይለውም። መምህሩ ስሌት አቅርቦ ሊያስታርቅ ቢሞክርም ባለቀፎው አይሰማም፤ እውነትም እሱን ሆኖ ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አንድ የቆየ ፍርደ ገምድልነት እንምጣ። የመስቀል ወፍ ዝነኛ ናት። በዓመት አንዴ ብቅ ትላለች ተብሎ ተረት ሆናለች፤ ዘመዱን በዓመት አንዴ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ በእሷ ስም ይሰደባል። በዘመን መለወጫው በጊፋታ ሰሞን በወላይታ ሜዳ ላይ ከሚታዩትና በዚህ ስም ከሚጠሩት አንዱ ጥቁርና ነጭ ላባ፣ ቀይ ምንቃር፣ ከራሱ የሚረዝም ጅራት ያለው ወንድ ነው። እውነቱ ሲነገር ይህ ወፍ የትም አልሄደም። ዝናቡ አልፎ የመራቢያ ወራቱ ሲያበቃ ያን ልብስ አውልቆ ድንቢጥ የመሰለ ቡናማ ይለብስና እዚያው ጓሮ ውስጥ ሲለቅም ይከርማል። ማንም አያውቀውም። እንቁላሉንም ሚስቱ የምትጥለው በሌላ ወፍ ጎጆ ነው፤ ልጅ ማሳደግ እንኳ አልደከመበትም። ዓመቱን ሙሉ እቤቱ ተቀምጦ የእንግዳ ክብር የሚቀበል ከእሱ ሌላ የለም።

በአንጻሩ ጨረባን እንይ። ጉሮሮዋ ቀላ ያለ፣ ጅራቷ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ በመብራት ሽቦ ላይ ተደርድራ የምትውል። ሰው ሁሉ የሰፈር ወፍ አድርጎ ቆጥሯታል፤ ቀና ብሎም አያያትም። እሷ ግን በየዓመቱ ሁለት ጊዜ በረሃና ባሕር ታቋርጣለች። በሚያዝያ አውሮፓ ውስጥ በከብት በረት ጣሪያ ሥር ጎጆዋን ትጠግናለች፤ በመስከረም ወደ አፍሪካ ትመለሳለች። ተጓዧን ባለአገር፣ ባለአገሩን ተጓዥ አድርጎ መፍረድ የሶዶ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ የነቢዩ ኤርምያስ መጽሐፍ በምዕራፍ 8 ሽመላና ጨረባ የመምጫ ጊዜያቸውን እንደሚያውቁ ከተናገረ በኋላ እንኳ የአውሮፓ ሊቃውንት ለዘመናት ጨረባ ክረምቱን ጭቃ ውስጥ ተኝታ ታሳልፋለች ብለው ሲከራከሩ ኖረዋል።

ክርክሩን ያሳጠረው አፍሪካዊ ጦር ወርዋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ ክሉትስ በተባለች ከተማ አጠገብ አንዲት ሽመላ ተተኮሰችና ወደቀች። ቀርበው ሲያዩአት አንገቷ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ጦር ተሰክቶ አገኙ። እንጨቱ ከአፍሪካ ነበር። ሽመላዋ ጦሩን እንደያዘች በረሃውን አቋርጣ ደርሳለች ማለት ነው። ዛሬም ከነጦሯ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ትታያለች። ወርዋሪው ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ምሳዬ አመለጠኝ ብሎ ተናድዶ የገባ ሰው ለሳይንስ ያበረከተውን ሳይሰማ ሞቷል። ድንጋይ ወርዋሪው የወላይታ ልጅ እንግዲህ የተከበረ የዘር ሐረግ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ አንድ የዴንማርክ መምህር፣ ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን፣ በወፍ እግር ላይ የአሉሚኒየም ቀለበት ቁጥር ጽፎ ማሰር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጦር አላስፈለገም። በቅርቡ ደግሞ ሳተላይት መጣና በ2020፣ ሰው ሁሉ በኮሮና ቤቱ ተዘግቶ ሳለ፣ ኦኖን የተባለ የኩኩ ወፍ ከዛምቢያ ተነስቶ 16 አገሮችን አቋርጦ 12,000 ኪሎ ሜትር በርሮ ሞንጎሊያ ገባ። ቪዛ አልጠየቀም፤ ለይቶ ማቆያም አልገባም።

ተጓዦቹ ሁሉ ግን አይደርሱም። ወላይታ ሶዶ በዚህ ጉዳይ ላይ ሳታስበው ትልቅ ድርሻ ይዛለች። ከሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው 500 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ኃይል ማስተላለፍ ጀምሯል። በምዕራብ በኩል ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት አለ፤ 1,870 ሜጋ ዋት። መብራቱ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ወፉ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ሁለቱ የሚገናኙት አየር ላይ ነው። በዓለም ዙሪያ ሽመላና ንስርን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ሽቦ ነው፦ ከፍተኛው መስመር በግጭት፣ በየመንደሩ ያለው አጭር ምሰሶ ደግሞ ክንፋቸው ሁለት ሽቦ ሲያገናኝ በማቃጠል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ሽቦው ላይ ዓይን የሚስብ ምልክት መስቀል፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለውን ሽቦ መሸፈን። የስቴፕ ንስር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ የመጥፋት አደጋ ካንዣበባቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ስለገባ ወጪው ይገባዋል።

ደስ የሚል ነገርም አለ፤ እሱን ለማየት ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሁምቦ መውረድ ነው። የሁምቦ ተራራ ተራቁቶ ጎርፍና አለት ብቻ የቀረበት ጊዜ ነበር። ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገበሬዎች በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ ከወርልድ ቪዥን ጋር፣ 2,728 ሄክታር ከልክለው ከአፈር በታች በሕይወት የቀሩት ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ አደረጉ። ብዙው ዛፍ አልተተከለም፤ እንዲያድግ ተተወ እንጂ። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቦ በአፍሪካ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ሆነ። ከሳይቤሪያ መንገድ ላይ ያለች አሥር ግራም ወፍ ስለ ካርቦን ግድ የላትም፤ ቅጠሉ ላይ ትል ካለ በቂዋ ነው። የካርቦኑን ቶን የሚቆጥሩ ባለሙያዎች ደመወዝ አላቸው። ወፉን መቁጠር ግን በነጻ ይቻላል፤ ሽማግሌው እንዳሉት ካሳ የለውም።

ማማ ላይ ያለው ልጅስ? አንዳንዱ ወፍ ወዳድ ወንጭፉን ነጥቆ ስብከት ሊጀምር ይቃጣዋል። ይህ ስህተት ነው፤ ግሪሳ ወርዶበት የሚያውቅ ገበሬ ስብከት አይሰማም፤ ልክም ነው። ይልቅ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በናጋላንድ የሆነውን ማየት ይሻላል። ከሳይቤሪያና ከሰሜን ቻይና ተነስተው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ የአሙር ጭልፊቶች በዚያ ያርፋሉ፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደግሞ በእኛው የአፍሪካ ቀንድ በኩል ያልፋሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. በፓንግቲ መንደር አካባቢ ከመቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት በመረብ ተይዘው ለገበያ ቀረቡ። በዓመቱ፣ በ2013፣ አንድም አልተያዘም። መረቡን የሰበሰቡት ራሳቸው አጥማጆቹና የመንደሩ ሸንጎ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጠባቂና መንገድ መሪ ሆኑ። ወፉ የት እንደሚያርፍ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና።

በሶዶም የወፍ ዐዋቂው ማማው ላይ አለ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነው፤ በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 የአገሪቱን ቦታዎች መዝግቦ አሳትሟል። ኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ ይታይባታል። ይህን ሁሉ ጥቂት ባለሙያዎች ሮጠው አይጨርሱትም። ትምህርት ቤቶች ለልጁ ከወንጭፉ ሌላ ደብተር ቢሰጡት የሚጎድልባቸው ነገር የለም፤ ማሽላው ሲታጨድ ወንጭፉ ሥራ ያቆማል፤ ደብተሩ ግን በበልግም ይሠራል። ዳሞታ ተዳፋት ላይ ባለው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ከ50,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር በቁፋሮ ታውቋል። እነሱም በየበልጉ ከዋሻው ደጃፍ ሆነው ሽመላ ሲያልፍ አይተው መሆን አለበት፤ ቁጥሩን የጻፈልን ግን አልተገኘም።

የዓለም ተጓዥ ወፎች ቀን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሜይ ወር ሁለተኛ ቅዳሜ ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባለው ውስጥ ማለት ነው። ሁለተኛው ዙር ኦክቶበር ላይ፣ የመስቀል ደመራ አመድ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ባይኖኩላር የሌለው ሰው አይቅር፤ ሽመላ በዓይንም ትታያለች። ቀኑን፣ ቦታውንና ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል። ሜዳ ላይ ያረፈች ሽመላ ያገኘ አንባቢ ደግሞ ከመሄዱ በፊት እግሯን ያስተውል፤ ቀለበት ካለባት ላዩ ላይ ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮች ይጻፋቸው፣ በስልኩም ያንሳቸው። ዩሪንግ የሚባለው የአውሮፓ የወፍ ቀለበት አሳሪዎች ኅብረት እንዲህ ያለውን መረጃ በድረ ገጹ ይቀበላል፤ ለላከውም ሰው ወፏ መቼና የት አገር ቀለበቱ እንደታሰረላት የሚገልጽ መልስ ይደርሰዋል።